ከአልበም እስከ አልበም ባለሙያው በምን ይኖራል?

ዛሬ ሙዚቃ ለሚጀምር ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር «እንዳትጠፋ» የሚል ነው። ነጠላ ዜማው ዩቲዩብ ላይ ይጫናል፣ ስንት ሰው አየው እየተባለ በየሰዓቱ ይቆጠራል፣ ሳምንት ሳይሞላው «ቀጣዩ መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በመሃል ቲክቶክ ላይ መታየት፣ ፖድካስት ላይ ቀርቦ ማውራት፣ በጓደኛ ክሊፕ ላይ ብቅ ማለት ይጠበቅበታል። አንድ ወር ዝም ካለ «የት ጠፋህ?» ይሉታል። ሦስት ወር ዝም ካለ ራሱም የጠፋ ይመስለዋል።

ከሃያ ዓመት በፊት እንዲህ አልነበረም። ድምፃዊ ሁለትና ሦስት ዓመት ድምፁ ባይሰማ «አልበም ላይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ»ን በ1993፣ «ያስተሰርያል»ን በ1997፣ «ጥቁር ሰው»ን በ2004፣ «ኢትዮጵያ»ን በ2009 ዓ.ም. አወጣ። በመካከላቸው አራት፣ ሰባትና አምስት ዓመት አለ፤ ከሰባቱ ከፊሉ በእስር ያለፈ ነው። አድማጩ ግን ጥሎት አልሄደም። እንዲያውም ጥበቃው ራሱ ወሬ ሆኖ፣ ካሴቱ ሲወጣ በየመንገዱ ሌላ ዘፈን እስከማይሰማ ድረስ ይደርስ ነበር።

ይህን ለውጥ የሚያዩ ብዙ ሰዎች ፍርዳቸው ፈጣን ነው፤ የዘንድሮ ልጅ ትዕግሥት የለውም ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ታሪክ ቀረብ ብሎ ሲታይ፣ ሲጠብቁ ደመወዝ የሚከፍላቸው ነበረ፤ ካልሆነም ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ነበራቸው፤ አንዳንዶቹም ጾማቸውን እያደሩ ጠብቀዋል። ስለ ጥበብ ሰው ጊዜ ስንነጋገር ቀድመን መጠየቅ ያለብን ሰውየው ሥራው እስኪበስል ድረስ የማን እንጀራ ይበላል ብለን ነው።

ከክብር ዘበኛ እንጀምር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ተቀጣሪ ነበር። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ምድር ጦር የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ እንዲሁ። ሙዚቀኛው ማዕረግ አለው፣ የወር ደመወዝ አለው፣ ልምምድ አለው። ማህሙድ አህመድ ከሊስትሮነት ተነሥተው፣ በአሪዞና ክለብ የጉልበት ሥራ እየሠሩ ቆይተው፣ ከዚያ ነው ወደ ክብር ዘበኛ የገቡት። ጥላሁን ገሠሠም በዚያው ቤት የወጣ ነው። ያን ዘመን «ወርቃማው» እያልን ስናሞግስ ደመወዙን እንረሳዋለን። አንድ ዘፋኝ በሕዝብ ፊት ከመቆሙ በፊት ወራት ሙሉ ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር መለማመድ የቻለው፣ ለዚያ ለልምምዱ የሚከፍል መንግሥት ስለነበረ ነው።

ክፍያው ግን ነፃ አልነበረም፤ ጊዜው የአለቃ ነው። የት እንደሚዘፍን፣ ለማን እንደሚዘፍን፣ መቼ ፈቃድ እንደሚወጣ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። በ1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ክብር ዘበኛ ግንባር ቀደም ስለነበረ ጥላሁን በዘፋኝነቱ ሳይሆን በክፍሉ አባልነቱ ታስሯል። ሸክላ ማሳተምም የመንግሥት ብቻ ሆኖ ቆይቶ በ1961 ዓ.ም. ይህን አጥር ደፍሮ የጣሰው ወጣቱ አምሐ እሸቴ ነው። ከዚያ በኋላ ባንዶች ከመለዮ ወጥተው ወደ ሆቴል ሄዱ፤ ዋልያስ ወደ ሂልተን፣ አይቤክስ ወደ ራስ ሆቴል። ሆቴሉም ቢሆን ደመወዝ ከፋይ ነበርና፣ ሙዚቀኛው ቀን ተለማምዶ ማታ ይጫወታል፤ ወር ሲደርስ ይቀበላል።

ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሌሊቱ ሥራ ቅርፁን ለወጠ። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ስለማይቻል፣ የምሽት ክበቡ በሩን ዘግቶ ታዳሚውንም ባንዱንም እስኪነጋ ድረስ ውስጥ ያቆያል። ሙዚቀኛው ከምሽት ጀምሮ እስከ ጎህ ይጫወታል። የዚያ ዘመን ቅጂዎች ላይ የምንሰማው ረዘም ያለ የመሣሪያ ጨዋታ፣ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ እየተቀባበሉ የሚሄዱበት ያ ዝግታ፣ ሌሊቱን መሙላት ከነበረባቸው ሰዎች እጅ የወጣ ይመስለኛል። ለመጨረስ የሚቸኩል ማንም አልነበረም፤ መውጫ የለምና።

በሰዓት እላፊው ዓመታት መሃል ነው ካሴት ሸክላን የተካው። ካሴትም የራሱን የቀን መቁጠሪያ ይዞ መጣ፤ እስከ ቅርብ ጊዜ የምናውቀውም እሱን ነው። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሰርግ የለም፣ የምሽት ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ አልበም የሚያወጣ የለም። ፋሲካ ሲቃረብ አሳታሚዎቹ አምባሰልም ሆኑ ኤሌክትራ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ለእንቁጣጣሽም እንዲሁ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ሚያዝያና ግንቦትም። ለታወቀው ዘፋኝ ደግሞ ሌላ ወቅት ተጨመረለት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የሚያካሂደው ሳምንት። ኳሱ ቀን ነው፣ ኮንሰርቱ ሌሊት ነው። የዓመቱን ትልቁን ገቢ ከዚያች ሳምንትና ከአዲስ ዓመት ዝግጅቶች የሚያገኙ ድምፃውያን አሉ።

ሰርግ፣ ጾም፣ ዓውዳመት፣ የዳያስፖራ ኳስ፤ ይህ የአንድ ባለሙያ ዓመት ነው። አንዱ ሲሰረዝ ዓመቱ ሙሉ ይናጋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ፣ ከዚያም ጦርነቱ ሲከተል፣ መድረክ ላይ ብቻ የሚኖረው ሰው ምን እንደገጠመው ያየ ያውቀዋል።

የካሴት ዘመን ትልቁ ጉድለት ግን ውሉ ላይ ነበር። ብዙ ድምፃውያን ሥራቸውን ለአሳታሚ አንዴ ሸጠው ይወጡ ነበር። ግጥምና ዜማ ተገዝቶ፣ አቀናባሪ ተከፍሎ፣ ሁለት ዓመት የተለፋበት አልበም በአንድ ጊዜ ክፍያ ይዘጋል፤ ካሴቱ አሥር ዓመት ቢሸጥም፣ በየታክሲውና በየቡና ቤቱ ሌት ተቀን ቢጫወትም ለዘፋኙ የሚመለስ ነገር የለም። ያ ክፍያ ደግሞ ቀጣዩ አልበም እስኪወጣ የሚያደርስ ስንቅ ነው። አራት ዓመት ከፈጀ ለአራት ዓመት፣ ሰባት ከፈጀ ለሰባት። አንዳንዱ ስሙ ገኖ ኪሱ ባዶ የሆነው አባካኝ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ገቢው በአንድ ቀን መጥቶ ወጪው በየቀኑ ስለሆነበት ነው።

ስንቁ ያለቀበት ሰው ምን ያደርጋል? የኃይሉ መርጊያ ሕይወት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለዱት ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ እሳቸውና ሌሎች ጥቂቶች ዋሽንግተን ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮናቸውን ከኪቦርድና ከሪትም ማሽን ጋር አዋህደው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። ካሴቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸጠ፤ ከዚያ ጊዜ አለፈበት። ኃይሉ ታክሲ መንዳት ያዙ፤ መስመራቸው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ሰውየው ሙዚቃን የተዉ የመሰለው ብዙ ነበር። እሳቸው ግን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ በመኪናቸው የዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጠው፣ ተራ እስኪደርሳቸው ባለው ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይለማመዱ ነበር። ይህን ምስል ቆም ብለን ብናየው ጥሩ ነው። አውሮፕላን ያርፋል፣ መንገደኛ ይወጣል፣ ወረፋው ይንቀሳቀሳል፤ በመሃል ያለችው ጊዜ የኃይሉ ናት። ቀጣሪ የለም፣ ኮንትራት የለም፣ «አልበምህን መቼ ታወጣለህ?» የሚል የለም። ለማን እንደሚለማመዱ እንኳ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም እንደገና መድረክ ላይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም ሲያወጡ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተስፋ ታሪክ ይነገራል። ተስፋው ልክ ነው፤ ከእኔ የማይጠፋ ሐሳብ ግን አለ። ከ1985 እስከ 2013 ያለው 28 ዓመት የአንድ ሙዚቀኛ ከ39 እስከ 67 ዓመት ያለው ዕድሜ ነው። እጅ የሚፈጥንበት፣ ጆሮ የሚበስልበት፣ ተማሪ የሚወጣበት ዕድሜ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ያህል ሙዚቃ ሳይቀረጽ ቀረ? ኃይሉን ያስተረፋቸው ታክሲው ነው፤ የሚያበላ ሥራ ስለነበራቸው ሙዚቃውን ሳይሸጡ ማቆየት ቻሉ። ካሴቱ ባሕር ዳር ላይ ባይገኝስ? እንደሳቸው የሚለማመዱ፣ ካሴታቸው ግን ያልተገኘላቸው ስንት አሉ?

ሐዲስ ዓለማየሁም በዚሁ ዓይን ሊታዩ ይገባል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው ከ50 አልፏል። አርበኛ፣ እስረኛ፣ ዲፕሎማት፣ ሚኒስትር ሆነው ነው የጻፉት። መጽሐፉ እስኪበስል እንጀራቸው በመጽሐፉ ላይ አልተንጠለጠለም። ዛሬ መጽሐፍ በየዓመቱ ማውጣት አለብኝ ብሎ የሚጨነቅ ወጣት ደራሲ ይህን ልብ ቢል ይጠቅመዋል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከዚህ ሁሉ ስሌት ውጭ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. የከንቲባ ገብሩ ልጅ ሆነው ተወለዱ፤ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ሙዚቃ ተማሩ፤ በወረራው ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ጣሊያን ተግዘው ታሰሩ፤ ካይሮ ገብተው ቫዮሊንና ፒያኖ አጠኑ። የውጭ ትምህርት ዕድላቸው ሲዘጋ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለድሆች ልጆች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ተቀመጡ፤ ዓለም በስፋት የሰማቸው እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሙዚቃ ተከታታይ ውስጥ ሥራቸው ሲወጣ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ለእሳቸው ፒያኖ ጸሎት ነበር፤ ሰው ሰማም አልሰማም ጸሎት አይቋረጥም። እንዲህ ላለ ሰው የሙያ ዘመን፣ ከፍታና ዝቅታ የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን ገዳሙ ቤትና ማዕድ እንደሰጣቸው መርሳት የለብንም። በመንፈስ ነፃ የሆነችው መነኩሴም የምትኖርበት ቤት ያስፈልጋታል።

በሌላው ጫፍ ተወዛዋዡ አለ፤ ስለ እሱ ብዙም አይጻፍም። ድምፅ በ60 ዓመትም ሊያምር ይችላል፤ የእስክስታ ትከሻና ጉልበት ግን ቀደም ብሎ ይደክማል። ድምፃዊው ፊት ቆሞ ስሙ ሲጠራ፣ ከኋላው ያሉት አራትና አምስት ተወዛዋዦች ስም ክሊፑ ላይ እንኳ አይጻፍም። መላኩ በላይ በካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ እንግዳ ግንባሩ ላይ በሚለጥፍለት ብር ብቻ እየጨፈረ እዚያው ቤት ውስጥ ያድር ነበር። በኋላ ቤቱን ይዞ የባህል ማዕከል አደረገው፤ ተወዛዋዡም ቤት አስተዳዳሪ ሆኖ የጉልበቱን ዘመን አራዘመ። በ2017 ዓ.ም. ፈንድቃ በከተማው መልሶ ግንባታ ከካዛንቺስ ሲነሣ ከግድግዳው ጋር የሄደው ነገር ብዙ ነው። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ለፍቶ ለጥበቡ የሠራው ማረፊያ በሳምንታት ሊፈርስ እንደሚችል ከማየት በላይ፣ ለወጣት ከያኒ «አርቀህ አስብ» የሚለውን ምክር የሚያደክም ነገር አላውቅም።

ሕጉስ ስለ ጊዜ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሁለት ዓይነት ሰዓት ይቆጥራል። የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ለልጆቹም ይደርሳቸዋል። የከዋኙ፣ ማለትም የድምፃዊውና የሙዚቀኛው፣ 50 ዓመት ግን መቆጠር የሚጀምረው ሥራው ከተቀረጸበት ዓመት ነው። በሃያ ዓመቱ የቀረጸ ሰው በሰባ ዓመቱ፣ መድኃኒት መግዣ በሚፈልግበት ዕድሜ፣ መብቱ ያበቃል።

የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» እንውሰድ። የተቀረጸው በ1967 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 አውሮፓ ውስጥ ታትሞ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ወደ ውጭ አድማጭ በር ከፍቷል። ከተቀረጸበት ጊዜ 50 ዓመት ብንቆጥር ማህሙድ በ2017 ዓ.ም. በሚሌኒየም አዳራሽ ከመድረክ ከተሰናበቱበት ጊዜ ላይ እንደርሳለን። ከ50 ዓመቱም ብዙው ያለፈው አዋጁ ገና ሳይወጣ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ባለሙያዎች በጋራ ማኅበር በኩል ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ ደነገገ። ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። ሥራቸውን በየሆቴሉና በየሬዲዮው የምንሰማቸው አንጋፎች አሁንም ሲታመሙ የምንደርስላቸው በቴሌቪዥን በሚለመን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። ይህ ለሕዝብ ደግነት ምስክር ነው፤ ለሥርዓታችን ግን ውርደት ነው።

አዲሱ ዘመን መፍትሔ ይዞ የመጣ መስሎ ነበር። ኤልያስ መልካ ከድምፃውያን ጓደኞቹ ጋር በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲያስጀምር ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ አድማጭ በስልኩ ዘፈን ሲገዛ ገንዘቡ ለዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ለግጥምና ዜማ ደራሲውም ለአቀናባሪውም ይከፋፈል። ኤልያስ ሌሎች ሲያንቀላፉ ስቱዲዮ ውስጥ ያለፈ ዕድሜ የኖረ ሰው ነው፤ የአንድ ትውልድን ድምፅ የቀረጸ አቀናባሪ ነው። መተግበሪያው በተጀመረ በወራት ውስጥ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አጣነው። ከዚያ በኋላ «ሰዋሰው»ን የመሰሉ መተግበሪያዎች መጡ፤ ለድምፃውያን ቅድሚያ ክፍያ ሰጥተው አልበም የማሠራት ልማድም ተነቃቃ። ይህ ጥሩ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ማለት ለመብሰል የሚሆን ጊዜ መግዛት ነው። ዩቲዩብ ግን አሁንም ትልቁ መድረክ ነው፤ እዚያ የሚከፈለው ተመልካቹ በሚኖርበት አገር የማስታወቂያ ዋጋ ልክ በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ሆኖ የሚያይ ሺህ ሰው ቨርጂኒያ ሆኖ ከሚያይ ሺህ ሰው በጣም ያነሰ ያስገኛል። ወጣቱ በየሳምንቱ ካልለቀቅሁ የሚለው ለዚህ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ትክክል ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ ጥቂት ብቻ ስለሚያመጣ ብዙ መልቀቅ አለበት። ብዙ የሚለቅ ሰው ግን እንደ ዋልያስ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወትበት፣ እንደ ኃይሉ በዝምታ የሚቆይበት ጊዜ አያገኝም። የምናማው የዜማ መመሳሰልም አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ስለዚህ ወጣቱን «ታገሥ» ከማለት በፊት የሚታገሥበትን ስንቅ ማዘጋጀት ይገባል። ከሁሉ በቅርብ ያለው ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በግል ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲሸፈኑ በር ከፍቷል። ተቀጣሪ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲከፍል ቀጣሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ ቀጣሪ የሌለው ድምፃዊ፣ ተወዛዋዥ ወይም ሠዓሊ ግን ሸክሙ ብቻውን ይወድቅበታል። እዚህ ላይ የሙያ ማኅበራት ሥራ አላቸው፤ ከእያንዳንዱ ኮንሰርትና ከእያንዳንዱ የሰርግ ክፍያ ትንሽ ቆርጦ በባለሙያው ስም ማስገባት ይቻላል። ባንዶችም፣ የምሽት ቤቶችም፣ አዘጋጆችም ስማቸው የሚነሣው በከዋኙ ጉልበት ነውና የቀጣሪውን ድርሻ ቢጋሩ ፍትሕ ነው። ሕግ አውጪዎቻችንም የከዋኙን 50 ዓመት እንደ ደራሲው ዕድሜ ልክ የሚያደርጉበትን መንገድ ይመርምሩ፤ ሰው በሕይወት እያለ ድምፁ የማንም እንዲሆን መፍቀድ ልክ አይደለም።

አንተም ዛሬ የመጀመሪያ ውልህን ልትፈርም የተቀመጥክ ወጣት፣ አንቺም እንዲሁ፣ ክፍያው የተጻፈበትን መስመር ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ሥራችሁ ለስንት ዓመት እንደተሸጠ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ፤ ከሌለ አስጽፉ፤ «ለዘለዓለም» የሚል ከሆነ ጠበቃ ሳታማክሩ ብዕር አታንሡ።